ድጎማው ቀረ፤ ፕለግ-ኢን ሃይብሪድ አሁንም ያዋጣል?

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ አንድ ዓይነት መኪና፣ ስለ ፕለግ-ኢን (የሚሰካ) ሃይብሪድ ናቸው። ቤንዚንም ይጠጣል፣ ሶኬት ላይም ይሰካል። ባትሪው፣ ሳይሰካ ራሱን ቻርጅ ከሚያደርገው ከተራው ሃይብሪድ ይተልቃል፣ ከሙሉ ኤሌክትሪክ መኪና ያንሳል። መንግሥታት ሲደጉሙት ብዙ ሰው ብዙም ሳያሰላ ገዛው። አሁን በየአገሩ ድጎማው እየተነሳ ሲመጣ ሒሳቡ ገዢው ላይ ወደቀ። ስለዚህ የዛሬውን አምድ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። እኔና ባለቤቴ የቤተሰብ መኪና ልንገዛ ነው። ሞዴሉን መርጠናል፤ ግን በሦስት ዓይነት ነው የሚመጣው። ቤንዚን ብቻ፣ ተራ ሃይብሪድ እና የሚሰካው ሃይብሪድ። የሚሰካው ከሁሉም ይወደዳል። ድሮ ድጎማው ልዩነቱን ይሸፍነው ነበር፣ አሁን ተነስቷል። ሻጩ «ነዳጅ ማደያ የት እንደነበር ትረሳላችሁ» ይለናል። በሥራ ቀን ደርሶ መልስ 40 ኪሎ ሜትር ያህል እንነዳለን። ግቢያችን ውስጥ ማቆሚያም ሶኬትም አለ። ባለቤቴ «እንግዛው» ትላለች፣ እኔ እያመነታሁ ነው። — ሁለት ልብ የሆነው አባወራ

መልስ፦ ስለዚህ መኪና ከጻፉልን ሰዎች ሁሉ ኑሮው የሚመቸው የእናንተ ነው። ግቢ አላችሁ፣ ሶኬት አላችሁ፣ የየቀኑ መንገዳችሁ አጭርና የታወቀ ነው። እንዲያም ሆኖ «አዎ፣ ግዙ» ብዬ የምዘጋው ነገር አይደለም። ሻጩ መኪናውን ያነጻጸረላችሁ ከቤንዚኑ ጋር ነው። እናንተ ግን ማነጻጸር ያለባችሁ ከተራው ሃይብሪድ ጋር ነው። ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ሞዴል ልውሰድና እንየው። ቶዮታ ራቭ ፎር በሦስቱም ዓይነት ተሸጧል። የሚሰካው ከ2021 ሞዴል ጀምሮ የወጣበትን ትውልድ ብንወስድ (በዚህ አምድ ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ ቤንዚን ብቻ የሚጠጣው በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ገደማ ይፈጃል። ተራው ሃይብሪድ 6 ሊትር ገደማ። የሚሰካው ደግሞ ባትሪው እስኪያልቅ 68 ኪሎ ሜትር ያህል በኤሌክትሪክ ብቻ ይሄዳል፤ በዚያን ጊዜ በ100 ኪሎ ሜትር 22 ኪሎዋት ሰዓት (የመብራት ሒሳብ የሚቆጠርበት መለኪያ) ገደማ ይወስዳል፣ ይሄ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነውንም ጨምሮ ነው። ባትሪው ካለቀ በኋላ ግን ከተራው ሃይብሪድ ትንሽ የበለጠ ይጠጣል። 18 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ከባድ ባትሪ ተሸክሞ ነዋ የሚሄደው።

አሁን ሒሳቡን በገንዘብ ሳይሆን በሊትር እንሥራው። የገንዘብ ዋጋ በየአገሩና በየጊዜው ይለያያል፣ በሊትር ስንቆጥረው ግን ለማንም ይሠራል። 22 ኪሎዋት ሰዓት የ6 ሊትርን ሥራ ሠራ ማለት ነው። 22ን ለ6 ብናካፍል 3.7 ገደማ ይመጣል። እንግዲህ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት ዋጋ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ሩብ በታች ካልሆነ፣ መሰካቱ ከተራው ሃይብሪድ ይህ ነው የሚባል ትርፍ የለውም። ይቺን ሩብ ያዙልኝ። ለሁሉም ጥያቄ ትመለሳለች።

የእናንተን መንገድ እንውሰድ። በቀን 40፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በዓመት 50 ሳምንት ብንል 10,000 ኪሎ ሜትር ነው። ይሄ ሁሉ በባትሪ ይሸፈናል። ተራው ሃይብሪድ ለዚህ መንገድ 600 ሊትር ይጠጣል። የሚሰካው 2,200 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። የእናንተ ኪሎዋት ሰዓት የሊትር አንድ አሥረኛ ከሆነ፣ መብራቱ የ220 ሊትር ዋጋ ነው፤ በዓመት 380 ሊትር ታተርፋላችሁ። አንድ አምስተኛ ከሆነ ትርፉ ወደ 160 ሊትር ይወርዳል። ሩብ ከሆነ 50 ሊትር ብቻ ይቀራል። ሲሶ ከሆነ ጭራሽ ትከስራላችሁ፣ በየዓመቱ 130 ሊትር ገደማ ከኪሳችሁ ይወጣል።

ከዚያ የሁለቱን መኪኖች የዋጋ ልዩነት ውሰዱና በአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ አካፍሉት። ልዩነቱ የ3,000 ሊትር ዋጋ ሆነ እንበል። በዓመት 380 ሊትር የምታተርፉ ከሆነ 8 ዓመት ይፈጃል። 160 ሊትር ከሆነ 19 ዓመት ገደማ። ልዩነቱ የ1,500 ሊትር ብቻ ሆኖ 380ውን የምታተርፉ ከሆነ ደግሞ በ4 ዓመት ትመልሱታላችሁ። ብዙ አምራቾች ለባትሪው የሚሰጡት ዋስትና 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ እኔ ብሆን ከዚያ ዋስትና በላይ የሚወስድ ሒሳብ ላይ እጄን አላስገባም።

አንድ ነገር ደግሞ አጣሩ። የሚሰካው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ባለ ብዙ ዕቃው ደረጃ ላይ ብቻ ነው። ወንበሩ ቆዳ፣ ስክሪኑ ትልቅ፣ ጉልበቱም የበዛ ይሆናል፤ ራቭ ፎሩ እንኳ 302 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ተራው ሃይብሪድ 219 ነው። ስለዚህ ከርካሹ ተራ ሃይብሪድ ጋር ሳይሆን በዕቃ ከሚመሳሰለው ጋር አነጻጽሩት። ያን ስታደርጉ ልዩነቱ ሊጠብብ ይችላል። እንደዚያ ሆኖ ያ ሁሉ ዕቃ ካላስፈለጋችሁ ደግሞ ለማትፈልጉት ነገር እየከፈላችሁ ነው።

ድጎማው ይሄን ሁሉ ሲሸፍንልን ነው የቆየው። በአሜሪካ ለእንዲህ ዓይነት መኪና እስከ 7,500 ዶላር የታክስ ቅናሽ ነበር። ይኸው ራቭ ፎር በነሐሴ 2022 አጋማሽ ሕጉ ሲቀየር፣ በሰሜን አሜሪካ የተገጣጠመ ስላልሆነ ብቻ ቅናሹ ቀረበት። ባትሪውም ሞተሩም ያው ነበር። ለገዢው ግን ሒሳቡ በአንድ ቀን ተገለበጠ። የእናንተም ጥያቄ ይሄው ነው፤ ድጎማ የሚባል ነገር ባይኖር ኖሮ ልዩነቱን ከኪሳችሁ ትከፍሉ ነበር ወይ?

በሊትር የማይቆጠረውንም መርሳት የለብንም። ጠዋት ሞተር ሳያጉረመርም መውጣት፣ ማደያ ሰልፍ አለመቆም፣ በልጆች ትምህርት ቤት በር ላይ ጭስ አለመልቀቅ ዋጋ አለው። ባለቤትህ «እንግዛው» ስትል ይሄን አስባ ከሆነ ልክ ናት። ያንን ምቾት ብላችሁ ከከፈላችሁ ምንም ክፋት የለበትም። «ያተርፈናል» ብላችሁ ከሆነ ግን መጀመሪያ የመብራት ሒሳባችሁን አውጥታችሁ ሩቧን እዩ።

ጥያቄ፦ አፓርታማ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ታች ማቆሚያ አለ፣ ሶኬት የለም። ሰፈራችን ፈጣን ቻርጀር ተተክሏል፣ መሥሪያ ቤትም ይተከላል እየተባለ ነው። ካልተመቸኝም ቤንዚን አለው ብዬ የሚሰካውን ሃይብሪድ ልገዛ ነው። ምን ትላለህ? — ሶኬት አልባው

መልስ፦ አትግዛው።

ፈጣን ያልከው ቻርጀር መጀመሪያ ነገር ላንተ መኪና ላይሠራ ይችላል። አብዛኞቹ የሚሰኩ ሃይብሪዶች ፈጣኑን ቻርጅ አይቀበሉም። እንደ ሚትሱቢሺ አውትላንደር ያሉ የሚቀበሉ አሉ፣ አንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎችም ጀምረዋል፤ ብዙዎቹ ግን የሚያውቁት ቀስ ብሎ የሚሞላውን ነው። ስለዚህ ለ50 እና 60 ኪሎ ሜትር ብለህ ሰዓታት ልትቆም ነው። በዚያ ላይ የአደባባይ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ከቤት መብራት ይወደዳል። ከላይ ያልኳትን ሩብ በቀላሉ ያልፋል፤ ካለፈ ደግሞ ቤንዚን መቅዳቱ ይረክስሃል። ማንም ሰው ደክሞት ከሥራ ሲወጣ ለሚወደድ ነገር አይሰለፍም፣ አንተም ከሁለት ወር በኋላ ትተወዋለህ።

«ካልተመቸኝ ቤንዚን አለው» ያልከው ነው ይበልጥ ያሳሰበኝ። እንደሱ ብለው የገዙ ሰዎች ምን እንደሆኑ ተጠንቷል። ንጹሕ ትራንስፖርትን የሚያጠናው ዓለም አቀፍ ምክር ቤት፣ አይ ሲ ሲ ቲ የሚባለው፣ በ2022 አውሮፓ ውስጥ ያሉትን የሚሰኩ ሃይብሪዶች አይቶ ነበር። ወረቀታቸው በ100 ኪሎ ሜትር 1.6 እስከ 1.7 ሊትር ይላል። የግለሰቦቹ በተግባር ከ4 ሊትር በላይ ሆኖ ተገኘ። መሥሪያ ቤት ለሠራተኛው የሰጣቸው መኪኖች ደግሞ 7.6 እስከ 8.4 ሊትር። ይሄ የተራ ቤንዚን መኪና ፍጆታ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መኪናውን የገዛው ድርጅቱ፣ ነዳጁን የሚከፍለው ድርጅቱ፣ ሠራተኛው እቤቱ ሲሰካ መብራቱን የሚከፍለው ግን ራሱ ነው። ለምን ይሰካል? በብሪታንያ ከአገልግሎት ሲመለሱ የቻርጅ ገመዳቸው ከነፕላስቲኩ ሳይፈታ የተገኙ መኪኖች እንዳሉ ተዘግቧል። ለእነዚያም መኪኖች ከሕዝብ ታክስ ድጎማ ወጥቶላቸው ነበር። ይሄ ያናድደኛል፣ አልደብቅህም። ያ ገንዘብ በትክክል ለሚሰካ ሰው ቢሰጥ ወይም አፓርታማ ውስጥ ሶኬት ቢተከልበት ያንተ ችግር ዛሬ ባልኖረ ነበር።

መሥሪያ ቤትህ ቻርጀሩን «ይተከላል» ሳይሆን ተክሎ ሲያሳይህና መብራቱ በነጻ ወይም በቅናሽ መሆኑን ስታረጋግጥ እንደገና ጻፍልን። እስከዚያው ተራውን ሃይብሪድ ያዝ። ራሱን በራሱ ቻርጅ ያደርጋል፣ ምንም አይጠይቅህም።

ጥያቄ፦ የገዛሁት መኪና ወረቀት 1.5 ሊትር በ100 ኪሎ ሜትር ይላል። እኔ ደግሞ ሁሌ ማታ እየሰካሁ 5 ሊትር አካባቢ ያሳየኛል። ተታለልኩ? ወይስ መኪናው ችግር አለበት? — ግራ የገባት

መልስ፦ መኪናሽ ጤነኛ ይመስለኛል። የወረቀቱ ቁጥር ግን ላንቺ አልተሠራም።

ቁጥሩ የሚወጣው እንዲህ ነው። መኪናው አንድ ጊዜ በሙሉ ባትሪ፣ አንድ ጊዜ በባዶ ባትሪ ይለካል። ከዚያ «ሰው ይሄን ያህሉን በኤሌክትሪክ ይነዳል» ተብሎ በግምት ሁለቱ ይቀላቀላሉ። ያ ግምት በጣም ቸር ነበር። የአውሮፓ ኮሚሽን በመጋቢት 2024 ያወጣው ሪፖርት በ2021 የተመዘገቡ መኪኖች ራሳቸው የመዘገቡትን ፍጆታ ሰብስቦ ሲያይ፣ የሚሰኩት ሃይብሪዶች የካርቦን ልቀት በአማካይ ከወረቀቱ 3.5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በተራ ቤንዚንና ናፍጣ መኪኖች ላይ ልዩነቱ 20 በመቶ ገደማ ነበር። አውሮፓ ከ2025 ጀምሮ ለአዳዲስ ሞዴሎች ግምቱን ጠበቅ አድርጎታል።

አሁን ወዳንቺ። ባትሪሽ 60 ኪሎ ሜትር ይወስዳል፣ ከዚያ በኋላ መኪናው 6 ሊትር ይጠጣል ብለን እንያዝ። ቀኑን 60 ብቻ ከነዳሽ ቤንዚንሽ ዜሮ ነው። 300 ከነዳሽ 240ው በቤንዚን ነው፣ 14.4 ሊትር ይሆናል፤ ለ300 ሲካፈል 4.8 ሊትር። ልክ አንቺ ያየሽው ቁጥር ማለት ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ ረጅም መንገድ የምትወጪ ከሆነ መልሱ እዚያ አለ፣ ማታ ማታ መሰካትሽ እሱን አያጠፋውም።

ካልሆነ ሁለት ነገር እዪ። አንደኛው ፍጥነት ነው፤ በአውራ ጎዳና 120 ስትነጂ ባትሪው ከተማ ውስጥ ከሚያልቀው ቶሎ ያልቃል። ሁለተኛው ማሞቂያ ነው። አንዳንድ ሞዴሎች፣ ለምሳሌ ክራይስለር ፓሲፊካ ሃይብሪድ፣ የውስጥ ማሞቂያ ስትከፍቺ ባትሪው ሙሉ ቢሆንም ሞተሩን ያስነሳሉ፤ ሙቀቱን የሚያመጡት ከሞተሩ ነውና። ያንቺም እንደዚያ ከሆነ የመቀመጫ ማሞቂያውን ብቻ ተጠቀሚ፣ እሱ ከባትሪ ነው የሚሠራው። ለውጡን በሳምንት ውስጥ ታዪዋለሽ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። የምነዳው ለሕክምና፣ ለአምልኮና ዘመድ ለመጠየቅ ብቻ ነው። ልጆቼ «ለአንቺ የሚሰካው ይሻላል፣ ቤንዚን አትቀጂም» ይሉኛል። ጎረቤቴ ደግሞ ቤንዚኑ ታንከር ውስጥ ተቀምጦ ይበላሻል አለችኝ። እውነት ነው? — እናት

መልስ፦ እናታችን፣ ጎረቤትዎ እውነት አላቸው። ቤንዚን ለወራት ሲቀመጥ ቀላሉ ክፍል ይተናል፣ የቀረው ይበላሻል፣ ሞተር ማስነሳት ላይ ያስቸግራል። ግን አምራቾቹም አስበውበታል። የነዳጅ ታንከሩን አየር እንዳያስገባና እንዳያስወጣ አድርገው ያሽጉታል። ለዚህ ነው ቤንዚን ሊቀዱ ሲሄዱ ክዳኑ ወዲያው የማይከፈተው፤ አንድ ቁልፍ ይጫናሉ፣ ውስጥ የታመቀው አየር እስኪወጣ ይጠብቃሉ፣ ዳሽቦርዱ ላይ «ዝግጁ» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ክዳኑ ይከፈታል። ሸቭሮሌ ቮልት የሚባለው፣ በ2010 መጨረሻ የወጣው፣ ሞተሩ 6 ሳምንት ያህል ካልሠራ ራሱ ያስነሳው ነበር። ቤንዚኑም በአማካይ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ ሞተሩን እያስነሳ ያቃጥለዋል። ሌሎችም ተመሳሳይ ዘዴ አላቸው። እርስዎ ማድረግ ያለብዎት ታንከሩን አለመሙላት ነው፣ ሲሶው ይበቃል። የሞተር ዘይትም ኪሎ ሜትሩ ባይሞላ እንኳ ጊዜው ሲደርስ ይቀየራል።

ይሄ የጥያቄዎ መልስ ነው። የልጆችዎ ምክር ግን አልተስማማኝም። ከልብ አስበው እንደሆነ አያጠራጥርም፤ ሆኖም በዓመት 3,000 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚነዱ ከሆነ ተራው ሃይብሪድ ዓመቱን ሙሉ 180 ሊትር ነው የሚጠጣው። የሚሰካው ይሄን ሁሉ ቢያድንልዎ፣ መብራቱም በነጻ ቢሆን እንኳ፣ ከላይ የጠቀስኩት የ3,000 ሊትር ልዩነት 17 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በየማታው ገመድ መጎተቱም አለ፤ ገመዱ ወፍራምና ከባድ ነው፣ ሲቀዘቅዝ አይታጠፍም። ለእርስዎ ትንሽ፣ ቀላልና በቅርብ ጋራዥ የሚሠራ መኪና ይሻላል። ትርፉን ለሌላ ያውሉት።

ጥያቄ፦ ለምን በግማሽ እንቆማለን? ሙሉ ኤሌክትሪክ መግዛት አይሻልም? — ቸኩላለሁ

መልስ፦ ቤትህ የምትሰካበት ካለህና ረጅም መንገድህ ላይ ፈጣን ቻርጀር ካለ፣ አዎ፣ ይሻላል። የሚሰካው ሃይብሪድ ሁለት ነገር ተሸክሞ ነው የሚሄደው። የሞተር ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ጭስ ማውጫ ሁሉም አለበት፤ ከዚያ ባትሪውና የኤሌክትሪክ ሞተሩ ይጨመራል። ሙሉ ኤሌክትሪኩ የመጀመሪያዎቹ የሉትም። ፍሬን ሸራ በሁለቱም ላይ ዕድሜው ይረዝማል፣ ምክንያቱም ሲያቆም ኤሌክትሪክ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል።

የሚሰካው ትርጉም የሚሰጠው በሁለቱ መሀል ላለ ሰው ነው። ቀኑን አጭር የሚነዳ፣ እቤቱ የሚሰካ፣ ግን በዓመት ደጋግሞ ቻርጀር ወደሌለበት ሩቅ አገር የሚሄድ፣ ወይም ከባድ ነገር የሚጎትት፣ እና ሁለተኛ መኪና የሌለው ሰው። ለእሱ ሌላ የሚተካው መኪና የለም። ቤት ውስጥ ሁለት መኪና ካለ ግን አንዱን ሙሉ ኤሌክትሪክ፣ ሌላውን ተራ ሃይብሪድ ማድረግ በአብዛኛው ይረክሳል።

ጥያቄ፦ አዲሱ ስለተወደደብኝ ያገለገለ ፕለግ-ኢን ሃይብሪድ አግኝቻለሁ። 5 ዓመት ሠርቷል። ባትሪው ቢሞትብኝስ ብዬ ፈራሁ። ምኑን ልይ? — ያገለገለ ፈላጊ

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ደስ ብሎኛል፤ ያለ ድጎማ ይህ መኪና በደንብ ሊያዋጣ የሚችለው ያገለገለውን ስትገዛ ነው ብዬ ስለማምን። የመጀመሪያው ባለቤት ድጎማ አግኝቶ ከነበረ የገዛው በቅናሽ ነው፣ ሲሸጥም ገበያው ያን ያውቃል። የአዲስነቱንም ዋጋ እሱ ከፍሎልሃል። ከተራው ሃይብሪድ ጋር ያለው ልዩነት በሊትር ሲሰላ ብዙ ጊዜ ጠብቦ ታገኘዋለህ።

ስለ ባትሪው መፍራትህ ተገቢ ነው። ትንሽ ባትሪ ብዙ ይሠራል፤ 400 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሙሉ ኤሌክትሪክ በሳምንት አንዴ የሚጨርሰውን የሚሰካው በየቀኑ ይጨርሳል። አምራቾች ይሄን ስለሚያውቁ ባትሪውን ሙሉ በሙሉ አያስነኩትም። የመጀመሪያው ቮልት ባትሪ 16 ኪሎዋት ሰዓት ቢሆንም መኪናው የሚጠቀመው ወደ 10 ገደማውን ብቻ ነበር። ከላይም ከታችም የተጠበቀ ቦታ ስላለ በዝግታ ነው የሚያረጀው።

ወረቀት ከማመን ይልቅ እንዲህ አድርግ። ሻጩን ማታ ሙሉ ቻርጅ አድርጎ እንዲያሳድረው ጠይቀው። ጠዋት ስትሄድ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑን ኮፈኑን ከፍተህ በእጅህ አረጋግጥ። የጉዞ ቆጣሪውን (ዋናውን የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ሳይሆን) ወደ ዜሮ መልስና በኤሌክትሪክ ብቻ ንዳ፣ ሞተሩ ራሱ እስኪነሳ ድረስ። ሲነሳ ቁጥሩን ጻፍ። አዲስ እያለ 68 ይሄድ የነበረ አሁን 48 ከሄደ 30 በመቶው አልቋል ማለት ነው። ያ ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ያንተ ቀን 40 ኪሎ ሜትር ከሆነ አሁንም ሥራህን ይሠራል፣ ዋጋ ለማስቀነስም ጥሩ ምክንያት ነው። 25 እና 30 ላይ ሞተሩ ከተነሳ ተወው።

ሌላም ነገር አለ። ባትሪው እንደ አዲስ ሆኖ የተገኘ መኪና ሁልጊዜ ጥሩ ዜና አይደለም። ተሰክቶ የማያውቅ የመሥሪያ ቤት መኪና ሊሆን ይችላል፤ ባትሪው ያልደከመው ሥራውን ሁሉ ሞተሩ ስለሠራ ነው። እንደዚያ ሲሆን የዘይት መቀየሪያ መዝገቡን ጠበቅ አድርገህ እይ። ሰኪ የነበረ ባለቤት መኪና ግን ምልክት አለው፤ የቻርጅ መሰኪያው ጠርዝ ይፋቃል፣ ገመዱ ይቆሽሻል። ገመዱ ራሱ መኖሩን ደግሞ አትርሳ። ውድ ዕቃ ነው፣ ያለሱ ሒሳብ እንዳትዘጋ።

ጥያቄ፦ ድጎማው ይመለስ ይሆናል ብዬ ልጠብቅ? — ታጋሹ

መልስ፦ እኔ አልጠብቅም። ብሪታንያ ለሚሰኩ ሃይብሪዶች የምትሰጠውን በ2018 አቆመች፤ በ2025 አዲስ ድጎማ ስትጀምር ለሙሉ ኤሌክትሪክ ብቻ አደረገችው። ጀርመን ለሚሰኩት በ2022 መጨረሻ አቋረጠች። የአሜሪካው 7,500 ዶላር መስከረም 30 ቀን 2025 አበቃ። አንዳንድ አገር ይመልሰው ይሆናል፣ ሌላው ደግሞ አይመልሰውም፤ ቢመለስም አንተ የመረጥከው ሞዴል ውስጡ መኖሩን ማንም ዋስ አይሆንህም። መኪና የሚያስፈልግህ ዛሬ ከሆነ በሙሉ ዋጋው አስላው። በሙሉ ዋጋው ካዋጣ ግዛው። ካላዋጣ ተራውን ሃይብሪድ ግዛና እየነዳህ ጠብቅ።

ጥያቄ፦ ገዝቼዋለሁ፣ ልቤም ረክቷል። ሶኬቴ ግን ከመኪናው ይርቃል። በኤክስቴንሽን ብሰካው ችግር አለው? — አዲሷ ባለቤት

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለሽ። በኤክስቴንሽን ግን አትስኪው። ተራ ሶኬት ላይ መኪናው 10 አምፔር ገደማ እየሳበ ለሰዓታት ይቆያል። 40 ኪሎ ሜትር የነዳሽበትን ለመመለስ እንኳ 4 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ካውያ ያን ያህል ጊዜ አይሰካም፣ ምጣድም ቢሆን እየበራ እየጠፋ ነው። ቀጭን ሽቦ ይሄን ያህል ሲቆይ ይሞቃል፣ በተለይ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ።

በቀጥታ ሶኬቱ ላይ ስትሰኪም የመጀመሪያው ቀን እንደተሰካ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተሽ መሰኪያውን ከውጭ በኩል በእጅሽ ንኪው። ለብ ካለ ደህና ነው። እጅ የሚያስነሳ ከሆነ፣ ወይም ፕላስቲኩ ቀለሙን ከቀየረ፣ ወዲያው ከመኪናው በኩል ቻርጁን አቁሚውና በዚያ ሶኬት ዳግመኛ አትጠቀሚ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተሽ ከቆጣሪው ለመኪናው ብቻ የሚሆን መስመር በወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ማቋረጫ ያለው፣ መኪናው የሚቆምበት ድረስ እንዲዘረጋልሽ አድርጊ። የመሬት ሽቦው (ኧርዝ) የታሰረ መሆኑንም ለክቶ ያሳይሽ፤ ብዙዎቹ ቻርጀሮች መሬት ከሌለ ቀይ መብራት አብርተው ጭራሽ አይጀምሩም።